ለገበሬው ያልተጻፈ ምሕረት

ጥር ሲገባ ሞላሌ ላይ በግ ይበዛል። የገና ገዢ ሄዷል፤ የፋሲካው ገና አልመጣም። ሻጩ ግን ከሌላው ወር ሁሉ ይበልጣል። ገብሱ ታጭዶና ተወቅቶ ቤት የገባበት ጊዜ ነውና አበዳሪው «አሁን እጃቸው ላይ አይጠፋም» ብሎ የመክፈያውን ቀን እዚህ ወቅት ላይ አድርጎታል። የአንድ ቀበሌ ሰው በአንድ ሳምንት በጉን ነድቶ ሲወጣ ዋጋው መውረዱ አይቀርም፤ ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ከገበያው ዳር በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ሁለት እናት በግ በገመድ ይዘው ቆመዋል። ትከሻቸው ላይ የጣሉት ባና ሳስቷል። ደላላው ልጅ እግር ነው፤ የበጎቹን ወገብ ጨበጥ ጨበጥ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ እናት በግ በዚህ ወቅት ማን ይገዛዎታል? ጠቦት ቢሆን አንድ ነገር ነው።»

«ጠቦቱንማ አምና ሸጥኩት።»

«ታዲያ ለፋሲካ ቢያቆዩአቸው አይሻልም? እርጉዝም ይመስላሉ።»

«ፋሲካን ማን ይጠብቅልኛል ልጄ? ቀኑ ሰኞ ነው።»

ስማቸውን እዚህ አላነሣም። በመንዝ ዕዳ የቤት ገመና ነው፤ ሰው ስለ በሽታው ከሚያወራው ያነሰ ስለ ዕዳው ያወራል። ለእኔም የነገሩኝ ትንሽ ነው። ብድሩ ሙክት ለማድለብ ነበር፤ ከተገዙት በጎች ሁለቱ ሞቱ፣ የተረፈውን ገንዘብ ሕመም በላው። እናት በግ ስትሸጥ ደግሞ የሚመጣው ዓመት ጠቦትም አብሮ ይሸጣል፤ የልጅ ደብተሩ፣ ጨውና ዘይቱ፣ የቀጣዩ ብድር መክፈያ ሳይቀር።

ሁለቱ በጎች ባይበቁስ? ሦስተኛ ባይኖርስ? አቅሙ ያለቀ ሰው ሕግ ባለበት አገር በየት በኩል ይወጣል? ብዙ አገሮች ለድሃ ባለዕዳ የተጻፈ መውጫ አበጅተዋል፤ ማን እንደሚገባበት፣ ምን እንደሚያሳይ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ በአንቀጽ ተዘርዝሯል። እኛ ዘንድ ለነጋዴው ተጽፏል፤ ለገበሬው ግን አልተጻፈም። የሚያገኘው ምሕረት ሁሉ የሰው ፊት አይቶ የሚገኝ ነው።

አምስት ሰው፣ አንድ ዕዳ

ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ናት፤ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። አገሩ የገብስና የባቄላ፣ የበግና የጠጉር አገር ነው። ሴቶቹ ጠጉሩን ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ባናና በርኖስ ይሸምናሉ። በልጉ አንድ ዓመት ይሰምራል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። መኸሩም ሊያፈራ ሲል ውርጭ በአንድ ሌሊት ሊመታው ይችላል። በዚህ ላይ ሰው ያመጣው መከራ አለ፦ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት እስከዚህ ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር በጉ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ አይወርድም፤ የብድሩ ቀን ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አይቆምም።

በክልሉ ገጠር የባንክ ደጅ ረግጦ ለማያውቀው ሰው ብድር ያደረሰው ተቋም የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው፤ ሰው «አብቁተ» ሲል የኖረው። በአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት፣ በአመልድ ሥር ተጀመረ። አገሪቱ በ1988 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የአነስተኛ ብድር ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 40ን ካወጣች በኋላ በ1989 ዓ.ም. ራሱን የቻለ አክሲዮን ማኅበር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ጸደይ ባንክ ተብሎ ወደ ባንክነት ተሸጋገረ። ይህ ተቋም ብዙ ቤት አቁሟል፤ ይህን ሳይናገሩ ስለ ዕዳ ብቻ መናገር ፍርድ ማጓደል ነው። እርሱ ባይኖር የሞላሌው ሰው አማራጭ አራጣ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ግለሰብ ለግለሰብ ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ ማለፍ አይችልም፤ ወለድ ይከፈላል ተብሎ መጠኑ በጽሑፍ ካልተወሰነ ደግሞ 9 በመቶ ነው። አራጣ አበዳሪ በመቶ ብር በወር አሥር ብር ሲቆጥር ግን ዓመቱ ላይ 120 በመቶ ደረሰ ማለት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ይህን በወንጀል ያስጠይቃል። ሆኖም በምስጢር የተያዘውን ውል ማን አውጥቶ ይከስሳል?

ገበሬው ለብድር የሚያስይዘው ነገር ጥቂት ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ መያዣው ሰው ሆነ። አምስትም ሰባትም ሆነው በቡድን ይደራጃሉ፤ አንዱ ላንዱ ዋስ ነው። አንዱ ያልከፈለውን ሌሎቹ ይሞላሉ፤ ካልሞሉ ለቡድኑ የሚቀጥለው ብድር አይለቀቅም።

ይህ ዘዴ በደህና ዓመት ይሠራል፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ልክ ያውቃልና ለሰነፍ ዋስ አይሆንም። በክፉ ዓመት የሚሆነውን ለማየት ግን ቁጥሩን ላስቀምጥ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የወሰድኩት ነው። አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 20,000 ብር በ18 በመቶ የዓመት ወለድ ተበደሩ እንበል። ዓመቱ ሲሞላ የእያንዳንዱ ዕዳ 23,600 ብር ነው። አንዱ ወደቀ። አራቱ የራሳቸውን ከፍለው የእርሱን ሲካፈሉ በነፍስ ወከፍ 5,900 ብር ይጨመርባቸዋል። ይህ ጭማሪ ከአራቱ አንዱን ከጣለው የሁለት ሰው ዕዳ፣ 47,200 ብር፣ በሦስት ትከሻ ላይ ያርፋል፦ 15,700 ብር ያልፋል በነፍስ ወከፍ። ውርጩ የአንድ ሰው ማሳ መርጦ አይመታም። አምስቱም ጎረቤቶች ናቸው፣ ማሳቸው የተያያዘ ነው፤ አንዱን የመታው ሰማይ ሌሎቹንም መትቷል። ዋስትናው በጣም በሚያስፈልግበት ዓመት ዋሶቹም ድጋፍ ፈላጊዎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን የሞላሌ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ የብድር ሠራተኛው ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ እርሱም የዚያው አገር ልጅ ነው፣ ውዝፉ በእርሱ ስም ስለሚቆጠር እርሱም ይጨነቃል። ቀጥሎ የቡድኑ አባላት ይመጣሉ። ይህኛው ከሁሉ ይከብዳል። ቅዳሜ በአንድ ደቦ የዋለ፣ እሑድ በአንድ ሰንበቴ ጠበል ጠዲቅ የቀመሰ ሰው ሰኞ ጠዋት ደጅ ላይ ቆሞ «እንግዲህ አንቺም እወቂበት» ሲል ከዚያ ወዲያ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ነገር ቀላል አይደለም።

ፍርድ ቤት የማይነካው በሬ

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር። ሕጋችን ለድሃ ባለዕዳ ፈጽሞ ፊቱን አላዞረም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 404 ተፈርዶበት እንኳ ከባለዕዳ ላይ የማይወሰደውን ይዘረዝራል፦ የእርሱና የቤተሰቡ አስፈላጊ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና መኝታ፤ የሚሠራበት የሙያ መሣሪያ፤ ለቤተሰቡ ለሦስት ወር የሚሆን ቀለብና ገንዘብ። ገበሬ ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ለኑሮው ያስፈልገዋል ብሎ የሚያምንበት ከብትና የዘር እህል። የጻፈው ሰው የገጠሩን ኑሮ ያወቀ ነው። ዘር የተወሰደበት ገበሬ ከርሞ ለአበዳሪውም አይሆንም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉም ዳኛው የተከራካሪዎቹን ሁኔታ አይቶ ለባለዕዳው እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ስድስት ወር ለከተማ ነጋዴ ብዙ ነው። በሞላሌ ግን ከጥር ስድስት ወር ቢቆጠር ሐምሌ ይመጣል። በልግ የሰመረ እንደሆነ ያኔ ገብስ ይደርሳል፤ በልግ የቀረ እንደሆነ ሐምሌ ጎተራ የሚጠረግበት ወር ነው። ለመንዝ ገበሬ ትርጉም ያለው የእፎይታ ጊዜ በመከር የሚለካ እንጂ በወር የሚለካ አይደለም።

ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው፦ አንቀጽ 404 የሚጠብቀው ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ነው። የሞላሌ ዕዳ ግን ብዙውን ጊዜ ፍርድ ቤት አይደርስም። ዳኛ ፊት ቢቀርቡ ኖሮ «ለኑሮዋ ያስፈልጓታል» ተብለው ሊተርፉ የሚችሉ በጎች በጥር ገበያ ላይ በባለቤታቸው እጅ፣ «በፈቃድ»፣ ይሸጣሉ። የዘር ገብስም እንዲሁ። ሕጉ በሬውን ከፍርድ አፈጻጸም አዳነው፤ ከዋሶቹ ዓይን ግን አላዳነውም። የማውቃቸው የአገር ሽማግሌ ስለዚህ ሳወራቸው የመለሱልኝ ሁሌም ትዝ ይለኛል፦ «ዳኛው አያስወስድብኝም፤ እኔ ራሴ ነኝ የምወስድብኝ። እንዴት አድርጌ ነው ነገ ለቅሶ ቤት የምቀመጠው?»

አበዳሪው በበኩሉ ሦስት መንገድ አለው። ጊዜውን ማራዘም ይችላል፤ ዕዳውን በአዲስ ውል መተካት ይችላል፤ የማይሰበሰበውን ደግሞ ከመዝገቡ ላይ ያወርደዋል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ምሕረት ይመስለዋል፤ አይደለም። ከመዝገብ ማውረድ ማለት አበዳሪው «ይህን ገንዘብ እንደ ሀብት አልቆጥረውም» ብሎ ለራሱ ሒሳብ የሚጽፈው ነው። ባለዕዳው ያው ባለዕዳ ነው፤ መጠየቁ አይቀርም፣ አዲስ ብድርም አያገኝም። ዕዳው በእውነት የሚቀረው አበዳሪው «ትቼልሃለሁ» ብሎ ለባለዕዳው ሲያሳውቀው ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1825 እንዲህ የተተወ ዕዳ ወዲያውኑ ቀሪ እንደሚሆን ይደነግጋል። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት የተተወ ዕዳ ያለው ሁሉ በወረቀት ያስጽፈው፤ ያስፈርመው። ሽማግሌ ይሞታል፣ ሠራተኛ ይዛወራል።

ምሕረቱ ለማን ነው የተጻፈው?

በድሮው ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ታስረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ አብረው ይዞሩ ነበር። ከዚያ ዘመን ርቀናል፤ ሁሉም ግን እኩል አልራቀም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መክሰር አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ነጋዴ ሲከስር ንብረቱ በሥርዓት ይሰበሰባል፣ ለአበዳሪዎች በደረጃ ይከፋፈላል፣ ሊያንሰራራ የሚችለው ከአበዳሪዎቹ ጋር የሚስማማበት መድረክ ያገኛል። ግን ያው ሕግ ገበሬውንና ከብት አርቢውን «ነጋዴ አይደሉም» ብሎ ከበሩ መለሳቸው። በገዛ እጁና በቤተሰቡ ጉልበት የሚሠራውን የእጅ ባለሙያም እንዲሁ። የሞላሌ የበርኖስ ሸማኔ እንግዲህ ከተመለሱት አንዱ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢት የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ የመክሰሩን ክፍል በሰፊው አድሶታል። ገና ሳይወድቁ በፊት ዕዳን እንደገና ማደራጀትን አምጥቷል፤ ለትንንሾቹም ቀለል ያለ ሥርዓት አስቦላቸዋል። ትልቅ እርምጃ ነው፤ አሁንም ግን የነጋዴና የንግድ ማኅበር ሕግ ነው።

የገበሬው ዕዳ በሕግ አንድ ጊዜ በጅምላ ተሰርዞ ያውቃል። በ1967 ዓ.ም. የካቲት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 31፣ ጭሰኛውን ከመሬት ኪራይ ብቻ ሳይሆን ለባለመሬቱ ካለበት ዕዳና ግዴታ ሁሉ ነጻ አወጣው። መንዝ በአብዛኛው የርስት አገር በመሆኑ ያ ዐረፍተ ነገር እዚህ እንደ ደቡቡ አልተሰማም ይሆናል፤ ያም ሆኖ በአገራችን ሕግ «ዕዳህ ቀርቷል» የሚል ቃል ለድሃው በቀጥታ የተነገረበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ ዓይነት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የግብርና ኤክስቴንሽን ፓኬጅ ሲስፋፋ ክልሎች ለባንክ ዋስ ሆነው ማዳበሪያ በብድር ተከፋፈለ። በ1994 ዓ.ም. ምርት ተትረፍርፎ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ ወዲያው ድርቅ ተከተለ። ብዙ ገበሬ የማዳበሪያውን ዕዳ ከብት ሸጦ ከፈለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ የመንዝ ወረዳዎችም የገቡበት፣ አንዱ ዓላማው ቤተሰብ በክፉ ቀን ጥሪቱን ሸጦ ባዶ እንዳይቀር ነበር። ጥሪት እንዳይሸጥ በአንድ እጅ ቀለብ እየተሰፈረ፣ በሌላው እጅ ለብድር ሲባል ጥሪት ከተሸጠ ሁለቱ ሥራዎች ይጣረሳሉ፤ ይህን ያስታረቀ ሕግ አልወጣም።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ መንግሥት ከ2007 ዓ.ም. በፊት የነበረውን የግብር ዕዳ ሰረዘ፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት የግብር ዕዳ ላይም ወለድና ቅጣቱን ማረ። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች ለደንበኞቻቸው ዕዳ ማቃለያ የሚሆን 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። አገሪቱ ራሷም ምሕረት ተቀብላለች፦ በ1996 ዓ.ም. ከባድ ዕዳ ላለባቸው ድሃ አገሮች በተዘጋጀው ሥርዓት ዕዳ ተሰረዘላት፤ በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ 33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ከቀረች በኋላም በ2017 ዓ.ም. ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር 8.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ለማሸጋሸግ ተስማማች። ይህን የምጠቅሰው ለወቀሳ አይደለም። አቅም ሲያልቅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ሒሳብ አሳይቶ፣ በጽሑፍ መፍትሔ ማግኘት ነውር እንዳልሆነ አገራችን ከማንም በላይ ታውቃለች ለማለት ነው።

ሌሎች እንዴት ጻፉት

በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚሠራ «የዕዳ ማቃለያ ትእዛዝ» አለ። ለንደን ዘመድ ያለው አንባቢ ስለ እርሱ ሰምቶ ይሆናል። የተዘጋጀው ጥሪት ለሌለው፣ ገቢው ለዕለት ጉርሱ ብቻ ለሚበቃ ሰው ነው። ከ2024 ወዲህ ዕዳው ከ50,000 ፓውንድ፣ ንብረቱ ከ2,000 ፓውንድ፣ ከወር ወጪው የሚተርፈው ከ75 ፓውንድ ካላለፈ መጠየቅ ይችላል። ቀድሞ 90 ፓውንድ ያስከፍል ነበር፤ እርሱም በ2024 ቀረ፣ ድሃ ለመሆኑ ማስረጃ የሚያቀርብን ሰው ገንዘብ መጠየቅ እንቅፋት ሆኖ ተገኝቷልና። ባለዕዳው ዳኛ ፊት አይቆምም፤ የሠለጠነ የዕዳ አማካሪ ሒሳቡን አብሮት ይሠራል፣ አንድ የመንግሥት ሹም ይወስናል። ለ12 ወር በትእዛዙ የተዘረዘሩት አበዳሪዎች አይነኩትም። በ12ኛው ወር ኑሮው ካልተሻሻለ ዕዳው ይቀራል። የፍርድ ቤት መቀጮ፣ የልጅ ቀለብና የተማሪ ብድር አይሰረዙም። ስሙ በሕዝብ መዝገብ ይጻፋል፤ ዋጋ አለው።

ከእንግሊዝ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን ኬንያ ነው። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የኬንያ የመክሰር ሕግ ንብረት አልባ ለሆነ ባለዕዳ የተለየ ሥርዓት አስገብቷል። ዕዳው ከ100,000 እስከ 4 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ የሆነ፣ ሊሸጥ የሚችል ንብረት የሌለው፣ ከዚህ በፊት በዚህ በር ያልገባ ሰው ለመንግሥት ሹሙ ያመለክታል። ንብረቱን ደብቆ ከተገኘ ከሥርዓቱ ይወጣል። ዓመት ሲሞላው ነጻ ይወጣል። ጎረቤታችን ናት፤ እረኛና ገበሬ፣ ድርቅና የሞባይል ብድር ያለባት አገር። በናይሮቢ መጻፍ ከተቻለ በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ መጻፍ ይቻላል።

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ሌላ መንገድ ሞከረች፤ እስከ ሁለት ሔክታር ያላቸውን ገበሬዎች የባንክ ውዝፍ ዕዳ በአንድ ጊዜ ሰረዘች። ሚሊዮኖች ተነፈሱ። ሆኖም በ2013 የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ባወጣው ሪፖርት የማይገባቸው አግኝተው፣ የሚገባቸው ሳያገኙ የቀሩባቸው ብዙ ጉድለቶች ተዘረዘሩ። ከአራጣ አበዳሪ የተበደረውም፣ ከሁሉ የከፋው ድሃ፣ ምንም አልደረሰውም። የጅምላ ስረዛ የከፋ ችግር አለው፦ የከፈለውንና ያልከፈለውን፣ ያልቻለውንና ያልፈለገውን አይለይም፤ ከምርጫ በፊት ተስፋ ሆኖ ይመጣል፣ ከዚያ ሰው ቀጣዩን እየጠበቀ ይቀመጣል። ለሞላሌ የሚያስፈልገው እርሱ አይደለም። ሁልጊዜ ክፍት የሆነ፣ አንድ በአንድ የሚያስገባ፣ መዝኖ የሚያወጣ በር ነው።

አንድ የብድር ባለሙያ ይህን ስነግረው ወዲያው የጠየቀኝ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። «የሚሰረዘው የማን ገንዘብ ነው?» የተቋሙ ብድር በአብዛኛው ከቁጠባ የሚመጣ ነው። ቆጣቢዋም እዚያው መንዝ ውስጥ ጠጉር ፈትላ ሳንቲም የምታስቀምጥ ሴት ናት። የአንዷን ዕዳ ለመሰረዝ የሌላዋን ቁጠባ መንካት ግፍ ነው። ስለዚህ የሚጻፈው ሕግ ወጪው ከየት እንደሚሸፈን አብሮ መናገር አለበት፤ አበዳሪዎች ለማይሰበሰብ ብድር ቀድሞውኑ መጠባበቂያ ይይዛሉ፣ በውርጭና በድርቅ ዓመት ደግሞ የክልሉ በጀት ድርሻውን መውሰድ አለበት። ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ ሌላው ሁሉ ምኞት ነው።

«ሁሉም አልከፍልም ቢልስ?» የሚለውን ስጋት ግን በመንዝ ብዙም አልፈራውም። እዚህ አገር ሰው በግ ደብቆ ድሃ ነኝ ማለት አይችልም፤ ስንት በግ ማን ደጅ እንደሚያድር ቀበሌው ሁሉ ያውቃል። የምፈራው ሌላውን ነው። የቀበሌ ሹም የዘመዱን ስም ቀድሞ ቢጽፍ፣ ወንድምም ባልም የሌላት ሴት ስሟን የሚያነሣላት ቢጠፋስ? የሽማግሌና የእድር ዳኛ ምስክርነት ይጠቅማል፤ ውሳኔው ግን ከሰፈሩ ውጭ ባለ፣ ይግባኝ በሚባልበት ሰው እጅ መሆን ይገባዋል።

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩልበት ምክንያትም አለ። የአማራ ክልል በ2009 ዓ.ም. ባሻሻለው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 252፣ የመሬት የመጠቀም መብትን ለተወሰነ ዘመን ለብድር ማስያዝን ፈቅዷል፤ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም በዚያው መንገድ ሄዷል። ለትጉህ ገበሬ ትልቅ ብድር ማግኛ ነው፤ ደግ አሳብ ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ድሃው ሁሉንም ነገር ሸጦ መሬቱ ላይ ይቆም ነበር። ከእንግዲህ ክፉ ዓመት የማሳውንም ፍሬ ለዓመታት ከእጁ ሊያወጣበት ይችላል። ማስያዣው ሲሰፋ መውጫው አብሮ ካልሰፋ አደጋው የሚወድቀው በአንድ ወገን ላይ ነው።

ታዲያ የኬንያውን ሕግ እንዳለ ብንቀዳው ይበቃን ይሆን? አይበቃንም፤ ምክንያቱ ዋስ ነው። በእንግሊዙ ትእዛዝ ምሕረቱ ለባለዕዳው ብቻ ነው፤ ዋሱ ዕዳው ላይ ይቀራል። እዚያ ዋስ አልፎ አልፎ የሚገኝ ነው። እዚህ ግን ባለዕዳ ሁሉ ዋስ አለው፣ ዋስ ሁሉ ባለዕዳ ነው። ያችን የሁለት በግ ባለቤት «ነጻ ወጥተሻል» ብለን ዕዳዋን በአራት ጎረቤቶቿ ላይ ብንጥለው እርሷም አትቀበለውም፤ ከዚያ ምሕረት ይልቅ በጓን ትሸጣለች። ስለዚህ በአማርኛ የሚጻፈው አንቀጽ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ዐረፍተ ነገር ሊኖረው ይገባል፦ ለቡድን አባል የተሰረዘ ዕዳ ከቡድኑም ዋስትና ላይ በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ቀሪዎቹም በዚህ ምክንያት ቀጣዩን ብድር አይከለከሉም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋናው ግዴታ ሲቀር የዋሱም እንደሚቀር አስቀድሞ ያውቃል፤ የሚጎድለው በአነስተኛ ብድር ሕጉ ውስጥ፣ በቡድን ብድር ውል ውስጥ፣ በስሙ ተጠርቶ መግባቱ ነው። ያን ማርቀቅ የክልሉ ምክር ቤት፣ የብሔራዊ ባንክና የፍትሕ ሚኒስቴር ሥራ ነው፤ ሲያረቁት ደግሞ የመክፈያውን ቀን ከጥር ወደ ፋሲካ ገበያ ማሻገር ምንም ገንዘብ እንደማያስወጣቸው አብረው ይዩት።